ከብዙ ሥራ በኋላ ብዕር ስለ ማንሣት

በዚህ ማረፊያ ቤት የሚያድሩ ተሳላሚዎች ወደ መነኮሳቱ ይዘው የሚመጡት ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጾምና ስለ ስለት፥ ስለ ንስሐና ስለ ተዝካር ነው። ከኩዌት አገር ከፊንጣስ የመጡ አንዲት እኅታችን ያቀረቡልን ጥያቄ ግን ከተለመደው ወጣ ያለ ስለ ሆነ፥ ለብቻቸው ከመመለስ ይልቅ በዚህ ገጽ ላይ ብንጽፈው ሌሎችንም ይጠቅማል ብለን አሰብን። እኅታችን ዕድሜያቸው ከኀምሳ አልፏል። በአገራቸው ሳሉ ጥቂት ዓመት ሕፃናት አስተምረዋል፤ ቀጥሎም በስፌት መኪና ተዳድረዋል፤ ከዚያ በኋላ ባሕር ተሻግረው በሰው ቤት ልጅ አሳዳጊ፥ ወጥ ሠሪ፥ በመጨረሻም የደከሙ አረጋውያን አስታማሚ ሆነው ከሃያ ዓመት በላይ አገልግለዋል። አሁን ወደ አገራቸው ለመመለስ ጓዛቸውን ሲሸክፉ ከልብሱና ከዕቃው ይልቅ የሚያስጨንቃቸው ሌሊት ሌሊት የጻፏቸው ደብተሮች ሆነዋል። በደብተሮቹ ያለው የገቢና የወጪ ሒሳብ አይደለም፤ የጸሎት መጽሐፍ ግልባጭም አይደለም፤ ልብ ወለድ ታሪክ ነው። በየኅዳጉም በእርሳስ የተሣሉ የሰው ፊቶች አሉበት።

የጠየቁን ይህን ነው። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለውን ነገር መያዝ ይገባልን፥ ወይስ የቀረውን ዘመን ለጸሎት ብቻ መስጠት ይሻላል? ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ መጻፍስ ሐሰት አይደለምን? ደግሞስ እንጀራቸውን የበሉላቸውን ሰዎች ጠባይና የቤታቸውን ገመና ወደ ታሪክ መለወጥ ክህደት አይሆንምን? የመጨረሻው ጥያቄ ከሌሎቹ ይልቅ ይከብዳል፤ እውነቱን ለመናገር መነኮሳቱን ያከራከረንም እርሱ ነው።

ፊንጣስን ላላዩ አንባቢዎቻችን ጥቂት እንናገር። ከኩዌት ከተማ በስተ ደቡብ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ የምትገኝ ሰፈር ናት። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1946 የመጀመሪያውን ዘይት ጭና ወደ ውጭ ከመላኳ በፊት በውኃ ጕድጓዶቿና በእርሻዋ የምትታወቅ ትንሽ የጠረፍ መንደር ነበረች፤ ዛሬ ግን በባሕሩ ፊት ረዣዥም ፎቆች ተሰልፈውባታል። በእነዚያ ፎቆችና በአካባቢው ቤቶች ጓዳ ውስጥ የእኛ አገር ሴቶች ልጆች ይኖራሉ። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣችው ቁጥር 68 ሕግ ለቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን፥ በዓመትም የሠላሳ ቀን ፈቃድ እንዲሰጥ ያዝዛል። ሕጉ በየቤቱ እኩል ይጠበቃል ማለት አይደለም፤ ቢሆንም ቀኑ በተገኘበት ሁሉ አንዷ ትተኛበታለች፥ አንዷ ከዘመዶቿ ጋር በስልክ ትነጋገርበታለች፥ አንዷ ደግሞ ትጽፍበታለች። የምትጽፈዋ አንዲት ብቻ ናት ብላችሁ አታስቡ። ከብዙ ዘመን አገልግሎት በኋላ በልባቸው የታጨቀውን ነገር ወዴት እንደሚያፈሱት የማያውቁ ሾፌሮች፥ ነርሶች፥ ወታደሮችና መምህራን በዚህ ማረፊያ ቤት አልጋ ላይ አድረው ሲሄዱ አይተናል።

ስለ ዕድሜው ነገር ለመመለስ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ገደማ በጎጃም ተወልደው እንደ እኛው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ፥ በደብረ ኤልያስና በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ወጥተው ዘመናዊውን ትምህርት ቀሰሙ፤ መምህርም ሆኑ። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ዘምተው ተዋጉ፤ ከእርሳቸውም ጋር ተማርከው ወደ ጣሊያን ተጋዙና በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ሰባት ዓመት ያህል በግዞት ኖሩ። ነፃ ወጥተው ከተመለሱ በኋላ በውጭ ጉዳይ ሥራ ተሰማሩ፤ ከነበሩባቸውም ቦታዎች አንዱ ተሳላሚዎች ሁሉ የሚናፍቋት ኢየሩሳሌም ናት፥ በዚያ ቆንስል ሆነው አገልግለዋልና። ቀጥሎም በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ኢትዮጵያን ወክለዋል፤ የትምህርት ሚኒስትር፥ የፕላንና የልማት ሚኒስትርም ሆነዋል። በዚህ ሁሉ መካከል በ1948 ዓ.ም. ተረት ተረት የመሠረት የተባለውን የተረት መጽሐፍ አሳተሙ። ስማቸውን ያስጠራው ፍቅር እስከ መቃብር ግን የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ኀምሳ ስድስት ገደማ ነበረ።

ልብ በሉ፥ ይህ ሰው ብዕር ያነሡት ሥራ ጨርሰው ጋቢ ለብሰው ከተቀመጡ በኋላ አልነበረም። ያ ትልቅ መጽሐፍ ሲታተም ገና በመንግሥት ኀላፊነት ላይ ነበሩ። ብዙ ሰዎች «ጡረታ ስወጣ እጽፈዋለሁ» ሲሉ እንሰማለን፤ እንዲህ ካሉት ውስጥ የጻፈ ያየነው ጥቂት ነው። ጽሕፈት የተረፈ ጊዜ ሲገኝ የሚሠራ ሥራ ቢሆን ኖሮ፥ በገዳም ጊዜ የተረፋቸው ሁሉ ደራሲዎች በሆኑ ነበር! ክቡር ሀዲስ ከዚያ በኋላም አላቆሙም። ወንጀለኛው ዳኛ በ1974 ዓ.ም.፥ የእልምዣት በ1980 ዓ.ም. ታተሙ፤ ሰባን ካለፉ በኋላ ማለት ነው። በባዕድ አገርም ከተፈለገ ስፔናዊው ሰርቫንቴስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1571 በባሕር ጦርነት ግራ እጁ ሰለለ፤ በ1575 ተማርኮ በአልጀርስ አምስት ዓመት በግዞት ቆየ፤ ሲመለስም ለመርከበኞች ስንቅ ሰብሳቢና ግብር አስከፋይ ሆኖ ተንከራተተ፤ ዶን ኪኾቴን ሲያሳትም 1605 ነበረ፥ ዕድሜውም ስድሳ ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው።

ይሁን እንጂ የዕድሜውን ጥያቄ በእነዚህ ሰዎች ስም ብቻ ዘግተን ብናልፈው ፍሬውን ትተን ገለባውን የያዝን ይሆናል። ከሁሉ የሚበልጥ ምስክር በቅዱሳት መጻሕፍታችን ውስጥ አለ፤ ይኸውም ቅዱስ ሉቃስ ነው። ሉቃስ ባለመድኃኒት ነበር፤ ሐዋርያው ጳውሎስም በዚህ ስም ይጠራዋል። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ደግሞ ሠዓሊ ነበር፥ የእመቤታችንንም ሥዕል መጀመሪያ የሣለ እርሱ ነው ይላል። ወንጌል መጻፍ የጀመረው ያየውን ሊናገር አይደለም፥ ያዩትን ሰዎች ጠይቆ፥ ሁሉን ከሥሩ ተከትሎ መርምሮ ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ወንጌሉን ስታነብ የቀድሞ ሥራው በብዕሩ ላይ ይታይ እንደ ሆነ ተመልከት። ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉትን መንገደኛ ያነሣው የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ከአራቱ ወንጌላውያን በሉቃስ ብቻ ይገኛል። በዚያ ታሪክ ውስጥ ሳምራዊው አዘነ ብሎ አያበቃም፤ ቁስሉን በዘይትና በወይን እንዳጠበ፥ እንዳሰረውም፥ በእንስሳው ላይ እንዳስቀመጠው፥ ለእንግዳ ቤቱ ጠባቂም ሁለት ዲናር ሰጥቶ የቀረውን ሲመለስ እንደሚከፍል መናገሩን ይነግረናል። ቁስል ማን አጥቦ ያውቃል? የሕሙም ማረፊያ ዋጋ እንዳለውስ ማን ይረሳዋል? ቃሉ የጌታ ነው፤ ያን ቃል ሰምቶ ዘይቱንና ወይኑን ሳይጥል የጠበቀልን ግን ሲያስታምም የኖረ ሰው ነው።

ስለዚህ በፊንጣስ አረጋውያንን ሲያጥቡና ሲያገላብጡ የኖሩት እኅታችን «ያን ሁሉ ዓመት ጽሕፈት ሳልማር አባከንሁት» ብለው ቢጨነቁ ጭንቀታቸው ከንቱ ነው። ሰው ተኝቶ የሚቆስለው ጀርባው በየትኛው በኩል እንደ ሆነ፥ የታመመች አሮጊት በስንት ሰዓት ልጇን እንደምትጣራ፥ ቤቱ ሁሉ ሲተኛ የማቀዝቀዣው ድምፅ እንዴት እንደሚሰማ የሚያውቅ ሰው ትምህርት ቤቱን ጨርሷል። የስፌት መኪናውም ቢሆን አልጠፋም፤ ጨርቅ ሳይለኩ መቅደድ እንደማይገባ ያስተማራቸው እርሱ ነውና። ስለ ጸሎቱ ግን ይህን እንላለን፦ ብዕሩ የጸሎቱን ሰዓት የሚሻማ ከሆነ ብዕሩ ይቆይ። የጸለዩበትን ሰዓት ሳይነካ የሚሠራ ከሆነ ግን፥ መነኩሴ ከጸሎት በኋላ ቍርበት ሲዳምጥና ሰሌን ሲታታ ማንም እንደማይነቅፈው ሁሉ፥ ይህንንም የሚነቅፍ ሊኖር አይገባም።

ልብ ወለድ ሐሰት ነውን ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ሐሰት የሚባለው ሰሚው እውነት ነው ብሎ እንዲያምን፥ አምኖም እንዲጐዳ የሚነገር ነገር ነው። ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ግን ገና ከደጁ «ይህን ልቤ ወለደው» ብሎ ይነግርሃል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት፥ የአማርኛ የመጀመሪያው ረዥም ልብ ወለድ የሚባለው መጽሐፍ ርእሱ ራሱ ልብ ወለድ ታሪክ የሚል ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ የድርሰቱ ዓይነት በሙሉ በዚህ ስም ይጠራል። ከዚህ የበለጠ ቅን ስም ከወዴት ይመጣል? ደግሞም ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት በመጣ ጊዜ የተናገረው ስለ አንድ ባለጠጋና ስለ አንድ ድኻ፥ ድኻውም እንደ ልጁ ስላሳደጋት አንዲት በግ ነበረ። ያ ባለጠጋ በየትኛው መንደር ይኖር ነበር? ያች በግስ ማን አያት? የትም አልነበሩም። ታሪኩ ግን ንጉሡን በገዛ አፉ አስፈረደበት።

ከዚህ በኋላ ወደ ከባዱ ጥያቄ እንመጣለን። የናታንን ነገር ያነሣነውም ለዚሁ ነው።

በሰው ቤት ያገለገለ ሰው ጎረቤት የማያየውን ያያል። «ማዳም» የሚሏቸው እመቤት በእንግዳ ፊት ሲስቁ ያያቸዋል፤ በመኝታ ቤታቸው ሲያለቅሱም ያያቸዋል። አባትና ልጅ በውርስ ሲጣሉ ሻይ ይዞ ይገባል። ሰዎቹ ገመናቸውን ያሳዩት ወዳጃቸው ስለ ሆነ አይደለም፤ ሠራተኛ ሰው መሆኑን ስለ ረሱት ነው። ይህም ራሱ በደል ነው፤ ነገር ግን በደሉ ያየውን ነገር ሁሉ የእርሱ ንብረት አያደርግለትም። እንዲህ ያለው ዕዳ የቤት ሠራተኛ ብቻ አይደለም፤ የሐኪም፥ የጸሐፊ፥ የሹም፥ የሾፌርም ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የንስሐ አባት ነው። ስለዚህ ከመነኮሳቱ መካከል አንዳንዶቹ «የሰው ገመና አይጻፍም፤ ደብተሩ ይቃጠል» ብለው ነበር። አባባሉ ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ ቢሆንም ልንቀበለው አልቻልንም። ምክንያቱም ገመናው የእመቤቲቱ ብቻ አይደለም። በዚያው ጓዳ የሠራተኛይቱ ሃያ ዓመት አብሮ አለ። ደብተሩ ቢቃጠል የሚቃጠለው የሁለቱም ሕይወት ነው፤ ከሁለቱም ይልቅ ሌላ ምስክር የሌላት ሠራተኛይቱ ናት።

ናታን ምን አደረገ? እውነቱን አልተወም፤ ስሙን ግን ሸፈነ። በምሳሌው ውስጥ ኦርዮን አልጠራም፥ ቤርሳቤህን አልጠራም፤ በሕዝብ ፊትም አልቆመም። ንጉሡን በእጅህ ይዘኸዋል ከማለቱ በፊት ንጉሡ ስለ ሌላ ሰው ሲሰማ እንዲያዝንና እንዲቈጣ ጊዜ ሰጠው። የልብ ወለድ ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለናል። የሰውን ስም ሸፍኖ የሰውን ነገር መግለጥ ይችላል። ቅኔ የተማሩ ወንድሞቻችን ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል፤ ሰሙ ወርቁን የሚሸፍነው ወርቁን ለማጥፋት አይደለምና። ክቡር ሀዲስም የቅኔ ቤት ልጅ ነበሩ። በሚኒስትርነትና በአምባሳደርነት የስንቱን ጓዳ አይተው ይሆን! በፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ ግን የምናገኘው የሸንጎ ምሥጢር አይደለም፤ ፊታውራሪ መሸሻን፥ ሰብለ ወንጌልን፥ ጉዱ ካሣን፥ ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡትን በዛብህን ነው። እነዚህ ሰዎች በስማቸው የትም አልኖሩም፤ ነገር ግን መጽሐፉ ወጥቶ፥ ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሁሉ «እኔ ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ» ሳይል አልቀረም።

ስም መለወጥ ግን ብቻውን አይበቃም። ስሙን ለውጦ፥ ሰፈሩንና የመኪናውን ቀለም ሳይለውጥ የሚጽፍ ሰው ገመናውን በቀጭን ሻሽ ሸፈነ እንጂ አልከደነም። ከዚህም የሚብስ አለ። ስም ከተሸፈነ በኋላ ልብ በነፃነት ሊበቀል ይችላል፤ የተጠላው ሰው በታሪኩ ውስጥ ያለ ጠበቃ ይቆማልና። በዚህ ነገር ከአሮጌዎቹ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን የምንማረው አንድ ሥርዐት አለ። በጥንቱ ሥዕል ጻድቃንን ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አዙረው፥ ሁለቱንም ዓይናቸውን አድርገው ይሥሏቸዋል፤ ሰይጣንን፥ ክፉ አድራጊንና ከሓዲን ግን በጐን አዙረው በአንድ ዓይን ብቻ ይሥሉታል። ይህ ሥርዐት ለቤተ መቅደስ ግድግዳ ተገቢ ነው፤ እዚያ የተሣለው ነገር ፍርዱ ያለቀ ነውና። የልብ ወለድ ጸሐፊ የሚጽፈው ግን ገና በሕይወት ስላለ፥ ፍርዱም ስላላለቀ ሰው ነው። ፍርዱ ላላለቀ ሰው አንድ ዓይን ብቻ መሣል ከእግዚአብሔር ቀድሞ መፍረድ ነው።

እንግዲህ ለእኅታችን የምንነግራቸው መመዘኛ ይህ ነው፦ በደብተራቸው ውስጥ ያለችው እመቤት ሁለት ዓይን አላትን? ደመወዝ ስትከለክል፥ ስትሳደብ፥ በር ስትቈልፍ ከታየች ይጻፍ፤ አንዳች አይቀነስለት። ከዚያ በኋላ ግን ያች ሴት ማታ ብቻዋን ስትሆን ምን ትፈራ እንደ ነበረ ጸሐፊዋ ታውቃለችን? ካላወቀችም ልታስብላት ሞክራለችን? ፊታውራሪ መሸሻን እናስታውሳቸው። በትዕቢታቸው ያስቁናል፥ በግፋቸው ያስቈጡናል፤ ሆኖም የልጃቸው አባት መሆናቸው፥ የዘመናቸው እስረኛ መሆናቸው አይጠፋብንም። እንዲህ አድርጎ መሣል ለበዳይ ማድላት አይደለም። ግፉ ግፍ መሆኑ የሚታየው አድራጊው ሰው ሆኖ ሲታይ ነው፤ አውሬ ቢሆንማ ማን ይወቅሰዋል?

በዚህ ላይ ከወንድሞቻችን አንዱ «ክቡር ሀዲስ ግን ለካህናቱ አላዘኑም» ብለው ተከራከሩ። አንዳንድ የመጽሐፉ ክፍል ካህንን እንደሚያሳፍር አንክድም። ነገር ግን የሚወቅሰን ሰው ከውስጣችን ያደገ፥ የቅኔውን ቤት ርኀብና ጣዕም ሁለቱንም ያወቀ ሰው ነው፤ በዛብህንም ከዚያው ቤት አውጥቶ ያለ ነቀፋ አቁሞታል። የቤቱ ልጅ ሲወቅስ መስማት ከእንግዳ ወቀሳ ይከብዳል፥ ይጠቅማልም።

ኪነ ጥበብ የዓለም ነገር ስለ ሆነች ከቆብ ጋር አትስማማም ለሚሉት ደግሞ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን እናስታውሳቸዋለን። እ.ኤ.አ. በ1923 ተወልደው፥ በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ተምረው፥ በወረራው ዘመን ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ ጣሊያን ተግዘው ከተመለሱ በኋላ በግሸን ማርያም መነኰሱ። ፒያኖውን ግን ለዘለዓለም አልዘጉትም። እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን አገር የመጀመሪያውን ሸክላ ሲያስቀርጹ ገንዘቡን ለወላጅ አልባ ልጆች አሰቡ። ኋላም በኢየሩሳሌም በደብረ ገነት ገዳም ኖረው እ.ኤ.አ. በ2023 ዐርፈዋል። እዚያ የተሳለሙ ብዙዎች ያውቋቸዋል።

እኅታችን ሌላም ነገር ጠይቀውናል፤ «የእኔ የጓዳ ኑሮ ታሪክ ይባላልን? ታሪክ የንጉሥና የጀግና አይደለምን?» ብለዋል። የሚኖሩባት አገር ራሷ ትመልስላቸው። ኩዌታዊው አዩብ ሑሴን መምህርና የትምህርት ቤት ኀላፊ ሆኖ የኖረ ሰው ነበረ። ከዘይቱ ዘመን በፊት የነበረችው ኩዌት በፎቆች ሥር ስትጠፋ አይቶ የጭቃ ቤቶቹን ግቢ፥ የልጆቹን ጨዋታ፥ የሴቶቹን ሥራ፥ የሠፈሩን ሠርግና በዓል አንድ በአንድ ሣላቸው። በ2013 እ.ኤ.አ. ሲሞት የአገሩ ሰዎች አያቶቻቸው እንዴት ይኖሩ እንደ ነበረ የሚያዩት በእርሱ ሥዕሎች ሆኖ ነበር። ከልጅነቱ መንደር የጓዳውንና የሰፈሩን ኑሮ ባይሥል ኖሮ ማን ይሥለው ነበር? በዚያው ባሕር ዳር ባሉት ፎቆች ጓዳ ውስጥ የእኛ ልጆች ያሳለፉት ዘመንም ሠዓሊ ይፈልጋል፤ ሠዓሊውም ከውጭ ሊመጣ አይችልም፥ ጓዳው ለውጭ ሰው አይከፈትምና።

ስለ ገንዘቡ ነገር ብዙ አንልም። ዘመዶቻቸው የሚጠብቁት ቤት የሚያሠራ ጥሪት እንጂ ደብተር እንዳልሆነ እናውቃለን። ለማሳተሚያ ብለው የድካማቸውን ዋጋ አሟጠው እንዳያወጡ እንመክራቸዋለን፤ ደብተሩ ሳይታተም ለጥቂት ዓመት ቢቀመጥ አይበላሽም፥ ልጅ የሚማርበት ገንዘብ ግን ጊዜውን ካሳለፈ አይመለስም። ዝናን ተስፋ አድርጎ መጻፍም እንዲሁ ነው፤ ከዝና ፈላጊ ይልቅ በዕድሜ የገፋ ዝና ፈላጊ ያሳዝናል።

የቀረው የአሠራሩ ነገር ነው፤ እርሱንም ጠይቀውናል፥ «እውነተኛውን ታሪኬን በእውነተኛው ስም ልጻፈው ወይስ ልብ ወለዱን ላስቀድም?» ብለው። በዚህ ነገር ደግሞ ክቡር ሀዲስ የሄዱበትን ቅደም ተከተል ማየት ይጠቅማል። አስቀድመው ያወጡት ተረቱን ነው፤ ቀጥሎ ልብ ወለዶቹን። ስለ ትምህርታቸው፥ ስለ ጦርነቱና ስለ ግዞቱ በእውነተኛ ስም የተናገሩበት ትዝታ የተባለው መጽሐፍ የታተመው ከሁሉ በኋላ በ1985 ዓ.ም. ነው፤ ከተማረኩበት ጊዜ ኀምሳ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ በደልም ምስጋናም በልባቸው ሰክኖ ነበር። እኅታችንም ደብተራቸውን ለሁለት ይክፈሉት። በአንደኛው፥ የሆነውን ሁሉ ከነቀኑና ከነስሙ ሳይረሱት በፊት ይጻፉ፤ ማንም እንዳያየው በጨርቅ ጠቅልለው በሣጥናቸው ሥር ያኑሩት። በሁለተኛው ላይ ስሙን፥ ሰፈሩንና የልጆቹን ቍጥር ለውጠው ታሪኩን ይጀምሩ። ከጨረሱም በኋላ ያችን እመቤት አጠገባቸው ተቀምጣ፥ ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ገጽ በገጽ ሲተረጕምላት ያስቧት፤ ተቈጥታ የምትነሣው በየትኛው ገጽ እንደ ሆነ፥ የምትነሣውም እውነቱ ስላሳመማት ነው ወይስ ሐሰት ስለ ተጻፈባት ነው የሚለውን ለይተው በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት። ሐሰት ያለበትን ገጽ እንደ ገና ይጻፉት፤ እውነቱ ያሳመመበትን ግን እንዳለ ይተዉት።